በገብርኤል ዕለት የተሞከረው ዋይፋይ

ስልኩ መሀል ላይ ያለችው ክብ መዞሯን አልተወችም። አያልነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከመስኮቱ ደፍ አስጠጋችው፤ ወደ አልጋው መለሰችው፤ በርጩማ ላይ ወጥታ ከቆርቆሮው ሥር ከፍ አድርጋ ያዘችው። ክቧ እዚያም ዞረች። አዲሷ ዋይፋይ ግን፣ ቁራጭ ሳሙና የምታህለው ነጭ ዕቃ፣ መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ምንም እንዳልጎደለባት ተቀምጣለች።

ዕቃዋ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ተልካ የደረሰችው ትናንት ነው። ልጇ እመቤት ደግሞ ነገ ማለዳ ከአዲስ አበባ ትነሣለች። በሁለቱ መካከል የቀረው ይህ አንድ ቀን ነበር፤ እሱም የገና ገበያ ሆነ። ከቤቱ ፊት ያለው መንገድ ከንጋት ጀምሮ በበግ ተሞልቷል። ጩኸቱና አቧራው በመስኮቱ እየገባ፣ አያልነሽ በኖራ የቀባችው ግድግዳ ላይ ገና ከአሁኑ የሚያርፍ ይመስላል።

ክፍሉን ለልጇ ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው። አልጋውን ከድንጋዩ ግድግዳ አራቀችው፤ በከተማቸው በሞላሌ ውርጭ ግድግዳው ሌሊት እንደ በረዶ ነው። ወፍራሙን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ አጥባ አሰጣች። ለኮምፒውተሩ ብላ ከጎረቤቷ ከጌታነሽ ጠረጴዛ ተዋሰች። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስለሚያነክስ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባችለት። የቀረው ዋይፋዩ ብቻ ነበር። እሱም አለቀ ብላ ነበር።

እመቤት ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። በአያልነሽ ወገን ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። አያልነሽ ራሷ እመቤትን የወለደችው ዘመሮ ከተማ፣ እናቷ ጓዳ ውስጥ ነው። እናቷም እንዲሁ። ይህ የሚነገር ነገር ሳይሆን ዝም ብሎ የሚደረግ ነበር፤ እመቤት ያን ሥራ እስክትይዝ ድረስ።

ሥራው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ለአንድ ድርጅት ደንበኞች ስልክ መመለስ ነው። እመቤት የተቀጠረችው በቅርብ ስለሆነ ገና በሙከራ ላይ ናት። ሙከራውን ካለፈች የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ታገኛለች፤ ካላለፈች ሆዷን ይዛ ትወጣለች። አለቆቿ ከየትም ሆነሽ ሥሪ ብለዋታል፤ ብቻ ጥሪው አይቆራረጥ። ፈቃዷ እስኪደርስ ትጠብቅ እንዳይባል፣ ከዚህ ወር ካለፈ ያ የአዲስ አበባ መንገድ በዚያ ሆድ አይሞከርም። አያልነሽ ይህንን ሁሉ በስልክ ሰምታ፣ እዚህ ዋይፋይ ቢኖርስ ብላ ጠየቀች። እመቤት ሳቀች። «ካለማ እመጣለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያልነሽ የምታስበው ስለዚያ «ካለማ» ነው።

እመቤት አንድ ጊዜ፣ አንቺ ለምን አትመጪም ብላት ነበር። ባሏና እሷ የሚኖሩት በአማቷ በወይዘሮ ጠጄ ግቢ ነው፤ ቤቱም ሰፊ ነው። አያልነሽ ነገሩን አላስጨረሰቻትም። ልጇ በሰው ቤት ስትወልድ፣ እናቲቱ እንግዳ ሆና ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ገንፎው ሲቀርብ ልታይ ነው? ቤት እንደሌላት ሴት? ወይዘሮ ጠጄ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር። ከሠርጉ ጀምሮ «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ፣ እመቤትን በመልካም ቃል ብቻ ቀስ በቀስ የወሰዷት ነው የሚመስላት።

ዋይፋዩን ሳይገዙ መሞከር ይቻላል ያላት መምህር ፍሬው ነው። ራቤል ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ እሷ ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይቷል። «እትዬ አያልነሽ፣ ገንዘብዎን ዝም ብለው አያፍሱ» አላት። «የኔ አሮጌ ዋይፋይ አለች። ሲም ካርድ አስገብተን ለአንድ ቀን የሚሆን ጥቅል እንገዛና እንፈትሻለን። ከሠራ ያን ጊዜ የራስዎን ይገዛሉ።»

ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። በሥራ ቀን እሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሷም ከጉዳይ ጉዳይ አትቀመጥም። የታኅሣሥ ገብርኤል ግን በዓል ነው፤ ሥራ አይሠራም፤ ስልክ መነካካትን ደግሞ ሥራ ነው ያለ ካህን የለም። ታቦቱ የሚነግሠው ከከተማው ርቆ፣ ገደሉ አፍ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሞላሌ ከነልጇ ከነሽማግሌዋ ነቅላ ወጣች። ጌታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ስታልፍ አያልነሽን በር ላይ አግኝታ፣ «ገብርኤልን በዋይፋይ ለወጥሽው?» አለቻት። አያልነሽ አፍራ ሳቀች። በልቧ ግን፣ ለልጅ ነው፤ እሱም ያውቃል አለች። ፍሬው አስቀድሶ፣ ንግሡን ሳይጠብቅ ተመለሰ።

እንደዚያ ቀን የመሰለ ነገር አይታ አታውቅም። የእመቤት ፊት ፍሬው ባመጣው ኮምፒውተር ላይ ወጣ፤ አንገቷ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ሳትቀር ታየች። ፍሬው ኮምፒውተሩን ይዞ ከክፍሉ ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ በጎቹ በረት ሄደ፤ ምስሉ አልተንቀጠቀጠም። እመቤት አለቃዋን አስደወለች፤ እሱም ሰምቶ ጥሩ ነው አለ። «እማዬ፣ ከቢሯችን ይሻላል እኮ» አለች እመቤት። በማግሥቱ ደግሞ መምጣቷን ለአማቷ እንደነገረቻቸው፣ ወይዘሮ ጠጄም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «እንግዲህ እናት ናት» እንዳሉ ነገረቻት። አያልነሽ ያን ዝምታ በሰማችው ጊዜ ደስ ብሏት ነበር።

ታዲያ አሁን ይህች አዲሷ ምን ሆነች? መጀመሪያ የጠረጠረችው ዕቃዋን ነው። ርካሽ ተፈልጎ የተገዛ እንዲህ ነው ብላ ባሏን ወንዳፈራሁን በሌለበት ወቀሰችው፤ ያስገዛው እሱ ነዋ። እሱ በግ ነጋዴ ነው። በጎቹን ነድቶ የወጣው ሳይነጋ ነው። ከዚያ ግድግዳውን ጠረጠረች። ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ነው። ዋይፋይዋን አውጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻት፤ ያው ነው። በመጨረሻ የፍሬውን በር አንኳኳች።

ፍሬው የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረ እየተላጨ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ መጣ። ዋይፋይዋን አጥፍቶ አበራት። ሲም ካርዷን አወጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገና መለሰ። ቀጥሎ የራሱን አሮጌ ዋይፋይ አመጣ፤ ያችን በገብርኤል ዕለት የሞከሩባትን። አያልነሽ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ክቧ ዞረች።

«ያንተዋም ሞተች?» አለች።

እሱ ወደ ደጅ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ያለውን የስልክ ማማ አየ። ማማው እንደ ወትሮው ቆሟል። ከዚያ ዞሮ መንገዱን አየ። ከበጉ መሀል አንድ ገበሬ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ስልክ ይዞ፣ ይሰማል አይሰማም እያለ ይጮኻል። ከኋላው ያሉት ጎረምሶች አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ነው የሚሄዱት። ፍሬው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያለው አረፋ ደርቋል።

«እትዬ አያልነሽ፣ በገብርኤል ዕለት ከተማው ውስጥ ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል፣ ሁሉም ንግሥ ወርዶ?»

«እሱ ነው» አለ። «እኛው ብቻ ነበርን።»

እሷ ገና አልገባትም። እሱም አስረዳት። ማማው እንደ ቦኖ ውኃ ነው፤ ቧንቧው አንድ ነው። የሰው ሁሉ ስልክ፣ የሷም ዋይፋይ፣ የሚቀዳው ከዚያው ነው። ማንም በሌለበት ቀን ሄዶ ጄሪካን ለደቀነ ወዲያው ይሞላለታል። ዛሬ ግን ገጠሩ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ መጥቶ ተሰልፏል።

ቦኖን አያልነሽ ታውቃለች። ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«መቼ ይለቃል?»

«ገበያው ሲበተን።»

«ከገና በኋላስ?»

«ከገና በኋላም በየሳምንቱ ገበያ አለ። እንደዛሬው ባይብስም ይቆራረጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አልፎ አልፎ ማማውም አብሮ ይጠፋል።» አንገቱን ደፋ። «እኔም አላሰብኩትም። ኮምፒውተር አስተምራለሁ እላለሁ እንጂ። መሞከር የነበረብን በገበያ ቀን ነበር።»

በሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። መስመሩ በዚህ ሰፈር አላለፈም አላት። ማማው ሥር ብንቀመጥስ አለች። ያው ነው አላት። ሌላ ምን እንደምትጠይቅ አላወቀችም። የማታውቀውን ነገር እንዴት ብላ ትለምናለች? ለሚያመው ሰው ጠበል አለ፤ ለደረቀ እርሻ ምህላ አለ። ለዚህ ምን እንዳለ የነገራት የለም።

ፍሬው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ እሷ ነጠላዋን ደርባ ወደ በግ ተራ ወረደች። ምን እንደምታደርግ ታውቃ አይደለም፤ ቤት መቀመጥ ስላልቻለች ነው።

በግ ተራው ሌላ ጊዜ የምታውቀው አልነበረም። ወይም እንዲህ ብላ አይታው አታውቅም። ነጋዴው ሁሉ ስልኩን በጉ ላይ ደቅኗል። አንዱ ላቱን ያነሣል፤ ሌላው ይቀርጻል። አንዱ ጥርሱን ገልጦ ያሳያል፤ ሌላው «ሁለት ጥርስ ነው፣ ያው እየው» እያለ ለስልኩ ይናገራል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ በጉን በቪዲዮ ካላየ አይገዛም። ይህ ሁሉ በግ፣ ከነጸጉሩ ከነላቱ፣ በዚያች በአንዲት ማማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሊያልፍ እየተጋፋ ነው። ከመሀላቸው አንዱ የራሷ ባል ነበር። ወንዳፈራሁ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ አንድ ነጭ ሙክት በጉልበቶቹ መሀል ይዞ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቷል።

«አልሄድ አለኝ» አላት ገና ሲያያት። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ በግ ነው የላክሁ።»

የሆነውን ነገረችው። እሱ ሙክቱን ሳይለቅ ሰማት። ስትጨርስ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ገበያውን ልበትነው?»

«አንተ እንኳ ብታቆም።»

«እኔ ባቆም ያኛው ይልካል» አለና በአገጩ አጠገቡ ያለውን ነጋዴ አሳያት። ሰውየው ሰምቶ ኖሮ፣ ዋይፋይዋን በዚህች ጠቦት ለውጪኝ ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም።

ወንዳፈራሁ ሙክቱን ለሰውየው አስያዘና እሷን ወደ ዳር ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም የእመቤትን መምጣት እንደሚፈልግ ታውቃለች። ያን በረንዳ የጠገነው፣ ደረጃው እንዳይከብዳት ብሎ መወጣጫ የሠራው እሱ ነው።

«አትንገሪያት» አለ። «ትምጣ። ከመጣች በኋላ የሆነው ይሆናል። ሥራ ሌላ ይገኛል፤ የመጀመሪያ ልጅ ግን አንዴ ነው የሚወለድ።»

«ሥራዋን ብታጣስ?»

«እኛ አለን አይደል?»

የሚለው ሁሉ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ለራሷ ስትለው የዋለችው ነበር። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ሆነባት።

ቀኑን እንዴት እንዳመሸች አታውቀውም። ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠች። ባናውን አጠፈችው፤ ዘረጋችው። በየመሀሉ ስልኩን አየች። ልትደውል ሞክራ አንድ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። በመቋረጡ እፎይ እንዳለች ስታውቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያልተሸጡት በጎች በዚያው መንገድ መመለስ ጀመሩ። ሰዉ ሳሳ። አቧራው ወደ መሬት ወረደ። የተገለበጠው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጠዋት የላከቻቸውና የቀሩባት መልእክቶች ተከታትለው ሄዱ፤ የእመቤትም ተከታትለው ገቡ። ከዚያ ጠራ፤ በቪዲዮ ነበር።

እመቤት ጥርት ብላ ወጣች። አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ትንሽ አብጦ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ። ከኋላዋ ሻንጣው ተከፍቷል። ወይዘሮ ጠጄ ከሻንጣው አጠገብ ቆመው ነጫጭ የሕፃን ልብሶች አንድ በአንድ እያጠፉ ያስገባሉ። ቀና አላሉም።

«እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስደውልልሽ» አለች እመቤት። «የት ጠፋሽ? አዲሷ ዋይፋይ መጣች አይደል? እንዴት ናት?»

ወንዳፈራሁ ያን ጊዜ በሩን ገፍቶ ገባ። ከስልኩ ጀርባ፣ ልጁ ከማታየው ቦታ ቆመ። ነገሩ ገባው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዓይኖቹ ይለምናሉ።

አያልነሽ የልጇን ፊት አየች። ከኋላ ያሉትን ሴትዮ እጆች አየች። ልብሱን የሚያጥፉት ቀስ ብለው ነው፤ ሥራው እንዳያልቅ እንደሚፈልግ ሰው። ከጠዋት ጀምሮ በክቧ ፊት የተቀመጠች እሷ፣ ያ አኳኋን የራሷም እንደሆነ አወቀች።

«ዛሬ ሞታ ነው የዋለች» አለች።

«አሁን እኮ ጥርት ብለሽ ነው የምትታዪኝ።»

«አሁን ገበያው ተበትኖ ነው። በገብርኤል ዕለት የሞከርነው ሰው በሌለበት ነበር። ገበያ ሲቆም አይሠራም። ከገናም በኋላ በየገበያው እንዲሁ ነው ይላል መምህሩ። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ።»

እመቤት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ወይዘሮ ጠጄ ማጠፋቸውን አቆሙ።

«ለአንድ ቀን ከሆነ...» ብላ ጀመረችና እመቤት ተወችው። «አንድ ቀንም አይሆንም። ጥሪ ሲቆረጥ ይመዘገባል።»

«አውቃለሁ።»

«እማዬ፣ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ወንዳፈራሁ ጣቱን ከከንፈሩ አወረደ። አልጋው ላይ፣ በተዘረጋው ባና ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን አየ። አያልነሽ ዞር ብላ አላየችውም፤ ብታየው የምትለው ይጠፋታል።

«ለወይዘሮ ጠጄ ስጫቸው» አለች።

«ምን ልትያቸው ነው?»

«ስጫቸው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጣሪያው ታየ፤ መጋረጃ ታየ። ከዚያ የወይዘሮ ጠጄ ፊት በጣም ቀርቦ መጣ። እንዴት እንደሚያዝ ስለማያውቁበት ግንባራቸውና ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ዓይኑ ይጠብቃል። አያልነሽ ከሠርጉ ጀምሮ ከእኚህ ሴት አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ ውኃ እንኳ የጠጣችው ሲቀርብላት ነው።

«ወይዘሮ ጠጄ» አለች፤ ምስሉ አልቆመም፤ ድምፁም አልተቆረጠም፤ አሁን ቢቆረጥላት በወደደች። «መውለጃዋ ሲቃረብ ብመጣ፣ እርስዎ ቤት ለኔ የሚሆን መኝታ ይኖራል?»